ደራሲው ብዙ የሆነ መጽሐፍ ኀላፊው ማን ነው?

አንድ ቃል በአደባባይ ሲነገር ሰሚው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን አለ?» ብሎ ነው። ዳኛ በችሎት፥ መምህር በጉባኤ፥ ሽማግሌም በዕርቅ ላይ የቃሉን ባለቤት ሳያውቅ ቃሉን አይመዝንም። ዛሬ ግን ባለቤቱ ያልታወቀ፥ ወይም ባለቤቱ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ለይቶ ለማወቅ የማይቻል ቃል ከማናቸውም መጽሐፍ ይልቅ በሰፊው የሚነበብበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ይኸውም በኢንተርኔት ላይ ማንም ሰው እንዲጽፍበት፥ የሌላውንም ጽሑፍ እንዲያርምበት የተፈቀደው መዝገበ ዕውቀት፥ በአማርኛ አጠራር ውክፔዲያ የሚባለው ነው። የደምበጫ ተማሪ ከአስተማሪው የተሰጠውን ጥያቄ ለመመለስ ስልኩን ሲከፍት፥ የአዲስ አበባው ጋዜጠኛ የአንድን ሰው የትውልድ ዘመን ሲያጣራ፥ በውጭ አገር የሚኖረው ወገናችንም ለልጁ ስለ አገሩ ሊነግር ሲሻ፥ ብዙ ጊዜ አስቀድመው የሚደርሱት ወደዚሁ መዝገብ ነው። ስለዚህ ብዙዎች የጻፉት፥ ማንም ግን ያልፈረመበት ቃል በምን ልክ ሊታመን እንደሚገባው፥ ቢሳሳትም ጥፋቱ በማን ላይ እንደሚቈጠር መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ዕውቀትን በአንድ መዝገብ ሰብስቦ የማኖር አሳብ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ዲድሮ ከባልደረቦቹ ጋራ ታላቁን መዝገበ ዕውቀት ያሳተመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1751 እስከ 1772 ዓ.ም. ድረስ ነው። በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ በ1768 የተጀመረው ብሪታኒካም በወረቀት መታተሙን እስካቆመበት እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ 244 ዓመት ቈይቷል። በእኛም አገር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ» ብለው ያሳተሙት መጽሐፍ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ በአጭሩ ሰብስቦ በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ያቈየ ነውና፥ የዚህ ዐይነት ሥራ መነሻ ሊባል ይገባዋል። በቅርቡ ዘመንም በጀርመን አገር በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2003 እስከ 2014 ዓ.ም. በ5 ቅጾች ታትሞ ወጥቷል። በዚህ መጽሐፍ በየመጣጥፉ ግርጌ የጸሐፊው ስም ይገኛል። ነገር ግን የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ዐቅም በላይ ነው።

ውክፔዲያ የተጀመረው ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲሆን፥ ጀማሪዎቹም ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። እነዚህ ሰዎች በ1992 ዓ.ም. ኑፔዲያ የሚባል ሌላ መዝገብ ጀምረው ነበር። በዚያ ላይ የሚጽፉት ሊቃውንት ብቻ ነበሩ፤ እያንዳንዱም ጽሑፍ በሰባት ደረጃ ሳይመረመር አይወጣም ነበር። ሥራው እስኪዘጋ ድረስ የተፈጸሙት መጣጥፎች ግን በጥቂት ዐሥሮች የሚቈጠሩ ብቻ ሆኑ። ከዚህ በኋላ በሩን ለሁሉ ቢከፍቱት ብዙ ሺህ ሕዝብ ገባ። ዛሬ በእንግሊዝኛው ብቻ 7 ሚሊዮን ያህል መጣጥፎች ይገኛሉ።

ነቀፋውን ከመናገራችን በፊት ምስጋናውን መናገር ፍትሕ ነው። ይህ መዝገብ ለድኻውም ለባለጠጋውም ያለ ዋጋ የተሰጠ ነው። ስሕተት ያየ ሰው አሳታሚውን ደጅ ሳይጠና ወዲያውኑ ለማረም ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው ግን የተለወጠው ቃል ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ተመዝግቦ መቀመጡ ነው። በብራና መጽሐፍ ላይ አንድ ፊደል ተፍቆ ሌላ ቢጻፍ የፋቀውን እጅ ለማወቅ ያስቸግራል፤ በዚህ መዝገብ ግን የተፋቀውም የተጻፈውም ጐን ለጐን ሊታይ ይችላል። በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት 42 የሳይንስ መጣጥፎችን ከውክፔዲያና ከብሪታኒካ ወስዶ ሊቃውንት እንዲመረምሩት ባደረገ ጊዜ፥ በአንድ መጣጥፍ በአማካይ በውክፔዲያ አራት፥ በብሪታኒካ ሦስት ያህል ስሕተት ተገኘ። ብሪታኒካ የምርመራውን መንገድ አጥብቆ ተቃውሟል፤ ቢሆንም ስመ ጥሩው መጽሐፍ ከስሕተት ነጻ አለመሆኑ ታውቋል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል በዚህ ረገድ ተፈጽሟል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ይሁን እንጂ የሁለቱ መድኃኒትነት ሁለቱም ለአንድ በጎ ሥራ ሲተባበሩ ነው። በግንቦት ወር 1997 ዓ.ም. ስሙን ያልገለጠ አንድ ሰው በታወቁት አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በሚስተር ጆን ሲገንታለር የሕይወት ታሪክ ገጽ ላይ፥ እኚህ ሰው በፕሬዚዳንት ኬኔዲና በወንድማቸው በሮበርት ግድያ ተጠርጥረው ነበር የሚል ፈጽሞ ሐሰት የሆነ ቃል ጻፈ። ሚስተር ሲገንታለር የሮበርት ኬኔዲ ረዳት የነበሩ፥ በቀብራቸውም ቀን አስከሬናቸውን ከተሸከሙት ወዳጆች አንዱ ነበሩ። ይህ ቃል ከአራት ወር በላይ ሳይታረም ቈየ። በኋላ ጸሐፊው ሲገኝ፥ የሥራ ባልደረባውን ለማሣቅ ብሎ የጻፈው ቀልድ መሆኑን ተናገረ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በአራት ወር ውስጥ ያንን ገጽ ያነበበው ሰው ሁሉ ሐሰቱን ተቀብሎ ሄዷል። ጸሐፊው ስቆ ረሳው፤ ስማቸው የጐደፈው ሽማግሌ ግን በ78 ዓመታቸው በወዳጃቸው ነፍስ ተጠርጥረው ተገኙ።

የዚህ መዝገብ ወዳጆች ለእንዲህ ያለው ነገር የሚሰጡት መልስ፥ ሐሰት ቢገባም ውሎ አድሮ ይታረማል የሚል ነው። ይህም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ከሚለው ምሳሌያችን ጋራ የተስማማ ይመስላል። እኛም ምሳሌውን እንወደዋለን፤ ነገር ግን ንጋትና እውነት በአንድ ነገር ይለያያሉ። ንጋት ማንም ባይተጋለት በጊዜው ይጠራል፤ እውነት ግን የሚያውቀው ሰው ካልተናገረለት ሳይጠራ መሽቶ ሊያድር ይችላል። የሚስተር ሲገንታለር ገጽ የታረመው ጊዜ ስላለፈ ሳይሆን የሚያውቃቸው አንድ ወዳጅ ስላየው ነው። እንዲህ ያለ ወዳጅ የሌለው ሰውስ? ስሙ የተጻፈበትን ቋንቋ የማያነብ ገበሬስ? በመቃብር ያለ ሰውስ? በሐሰት አለመመስከር ትእዛዝ ነው። ምስክሩ ጭምብል በለበሰ ጊዜ ትእዛዙ ከእርሱ የሚነሣለት እንዳይመስለው፥ ያነበበውንም ሳይመረምር ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው የምስክርነቱ ተካፋይ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

ጸሐፊ ስሙን መጻፉ ጥንት ለክብር ብቻ የተደረገ አልነበረም። ሐዋርያው ጳውሎስ መልእክቱን በጸሐፊ እጅ ሲያስጽፍ ሰላምታውን በገዛ እጁ ይጨምር የነበረው፥ በስሙ የሐሰት መልእክት እንዳይጻፍ ምልክት ይሆን ዘንድ ነው። ወንጌላዊው ሉቃስም ታሪኩን ሲጀምር ከዐይን ምስክሮች የተቀበለውንና ከሥር ጀምሮ የመረመረውን እንደሚጽፍ ለወዳጁ አስረድቷል። የእኛም ቁም ጸሐፊዎች በመጽሐፉ ፍጻሜ ስማቸውን፥ ያስጻፈውንም ሰው ስም አኑረው አንባቢው እንዲጸልይላቸው ይለምኑ ነበር። ጸሎት የሚለምን ጸሐፊ ወቀሳም እንደሚደርሰው ያውቃል።

ብዙ ሰው በአንድ መጽሐፍ መድከሙ በራሱ ጉድለት እንዳልሆነ ደግሞ ከአገራችን የተሻለ ምስክር አይገኝም። የግዕዝን መዝገበ ቃላት እንመልከት። ሥራውን መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረው ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስረከቡ። አለቃ ኪዳነ ወልድም ዕድሜያቸውን ፈጅተውበት ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ፤ አደራውም ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ፤ እርሳቸውም በ1948 ዓ.ም. «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በሚል ስም አሳተሙት። ሦስት ትውልድ የተጋገዘበት ሥራ ነው። ቢሆንም የማን ድካም ከየት ተነሥቶ ማን እንደ ተቀበለው የታወቀ ስለ ሆነ፥ ስሕተት ያገኘ ሊቅ የሚሟገተው ከታወቀ ሰው ጋራ ነው።

የመጻሕፍት ትርጓሜያችን ደግሞ ከዚህ ይልቅ ወደ ነገራችን ይቀርባል። የአንድምታው ትርጓሜ አንድ ደራሲ የለውም፤ በየዘመኑ የተነሡ መምህራን በቃል እያስተላለፉ፥ አንዱ በሌላው ላይ እየጨመረ፥ ላይ ቤትና ታች ቤት እየተባባሉም እየተከራከሩ ያቈዩት የብዙዎች ሥራ ነው። መምህሩ አንዱን ትርጓሜ ከተናገረ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፥ እንደ ገና «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያመጣል። የተለየው አሳብ አይሰረዝም፤ ጐን ለጐን ይቀመጣል። በኢንተርኔቱ መዝገብ ግን ሁለት ወገኖች በአንድ ጉዳይ ሲለያዩ ብዙ ጊዜ አንዱ የሌላውን እየፋቀ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በተካሔደበት ጊዜ ስለ ጦርነቱ የሚናገሩት ገጾች እንዲህ ያለ የመፋፋቅ ሜዳ ሆነው ነበር። የመዝገቡ ሕግ የሁሉም ወገን አሳብ በሚዛን እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ሕጉም መልካም ነው። ነገር ግን ሚዛኑን የሚይዘው እጅ የማን እንደ ሆነ ካልታወቀ ሕጉ ለደከመው የሚደርስለት ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚረታው ያልደከመው ነው።

በጎጃም ቅኔ ቤት ያለውንም ሥርዓት ማስታወስ ይጠቅማል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወግ ተማሪው ሲመሽ ሲነጋ አስቦ የቈጠረውን ቅኔ ከሰው ፊት ከማቅረቡ በፊት ለአስነጋሪው፥ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል። ገና ጉባኤ ቃና የጀመረው ሕፃን እንኳ ከመናገር አይከለከልም፤ ሁሉም ይናገራል። ነገር ግን ሲሳሳት ወዲያው በስሙ ተጠርቶ በጓደኞቹ ፊት ይታረማል፤ ያረመውም መምህር ከማን እንደ ተማረ የታወቀ ነው። እንግዲህ በሩ ክፍት መሆኑ ጥፋት አላመጣም። ተናጋሪውም አራሚውም ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ቃላቸውን ይጠነቀቃሉ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ሁሉም በእውነተኛ ስሙ ይጻፍ፥ ሊቃውንቱም ይምሩት» ይል ይሆናል። ይህ ተሞክሯል። ከመሥራቾቹ አንዱ ላሪ ሳንገር ከውክፔዲያ ተለይቶ በ1999 ዓ.ም. ሲቲዘንዲየም የሚባል መዝገብ አቆመ፤ ጸሐፊዎቹ በስማቸው እንዲጽፉ፥ ዐዋቂዎችም እንዲያጸድቁት አዘዘ። ሥራው ግን ሳይሰፋ ቀረ። በዚያው ዓመት ደግሞ በውክፔዲያ ታላቅ ሥልጣን የተሰጠው አንድ አራሚ፥ የሃይማኖት ትምህርት ፕሮፌሰርና የቀኖና ሕግ ዶክተር ነኝ ይል የነበረው፥ አንዳች ማዕርግ የሌለው የ24 ዓመት ወጣት ሆኖ ተገኘ። ማዕርግም እንደ ስም ሁሉ በሐሰት ሊለበስ ይችላል። ከዚህ የምንረዳው፥ ስምና ማዕርግ ለቃል ዋስ ይሆኑ ዘንድ ባለስሙን በአካል የሚያውቅ ማኅበር ከበስተኋላው መኖር እንዳለበት ነው። ቅኔ ቤቱ እንዲህ ያለ ማኅበር ነው። ስልኩ ብቻውን አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ፤ ከሁሉ የሚያሳስበን ይህ ነውና። አማርኛን በአፍ መፍቻነትም በሁለተኛ ቋንቋነትም የሚናገረው ሕዝብ በብዙ አሥር ሚሊዮን የሚቈጠር ነው፤ በአማርኛው ውክፔዲያ ያሉት መጣጥፎች ግን ወደ 15 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ከጥቂት መስመር አያልፉም። ትንሽ ማኅበር ያለው መዝገብ ሁለት አደጋ አለበት፤ አንዱ ባዶነት ነው፥ ሁለተኛው ግን ከባዶነት የከፋ ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በስኮትላንድ ቋንቋ ያለው ውክፔዲያ ሲመረመር፥ ከመጣጥፎቹ ሲሶ ያህሉን፥ ማለትም ከ20 ሺህ የሚበልጡትን፥ ቋንቋውን የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት ከሕፃንነቱ ጀምሮ የጻፋቸው መሆናቸው ታወቀ። የእንግሊዝኛውን ቃል በመዝገበ ቃላት እየለወጠ ለዓመታት ሲያኖር የሚያርመው አልተገኘም። ልጁ ክፉ አሳብ አልነበረውም፤ ቋንቋውን የረዳ መስሎት ነበር። ነገር ግን ስኮትላንዳዊው ራሱ ቋንቋዬ የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው ብሎ እንዲያስብ ምክንያት ሰጠ። በፊሊፒንስ በሚነገረው በሴቡአኖ ቋንቋ ያለው መዝገብም ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ይዞ በቍጥር ከእንግሊዝኛው ቀጥሎ ይገኛል፤ አብዛኞቹን የጻፈው ግን አንድ ስዊድናዊ የሠራው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። የግሪንላንድ ቋንቋ መዝገብ ደግሞ በማሽን የተተረጐመ የተሳሳተ ጽሑፍ ስለ ሞላበት፥ የጠባቂነቱን ሥራ ይሠራ የነበረው ሰው ራሱ እንዲዘጋ ጠይቆ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2025 ዓ.ም. እንዲዘጋ ተወስኗል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጉግል የትርጕም መሣሪያውን ለአማርኛ ከከፈተበት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ማናቸውም ሰው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አስገብቶ አማርኛ የሚመስል ነገር ለማውጣት ችሏል። አማርኛ የሚመስል ያልነው በጥንቃቄ ነው፤ ቃሉ የእኛ ሆኖ አነጋገሩ የእኛ ያልሆነ፥ አንቱ የሚባለውን ሰው አንተ የሚል፥ ሰምን እንጂ ወርቅን የማያውቅ ጽሑፍ በየቦታው ይታያል። ማሽኑን ደግሞ የሚያስተምሩት እነዚሁ በኢንተርኔት ያሉ ጽሑፎች ናቸው። በተሳሳተ አማርኛ የተሞላ መዝገብ ማሽኑን ያስታል፤ የሳተውም ማሽን ተመልሶ ሌላ መዝገብ ይሞላል። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. የውክፔዲያ ባለቤት የሆነው ድርጅት እንደ ገለጠው፥ ገጾቹን የሚያነቡት ሰዎች ብዛት ካለፈው ዓመት 8 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ ምክንያቱም ሰዎች መልሱን ከምንጩ ሳይሆን ምንጩን ካነበበው ማሽን መጠየቅ ስለ ጀመሩ ነው። ማሽኑ ሲመልስ ደግሞ አርትዖቱ የሚታይበትን የታሪክ ገጽ ለጠያቂው አያሳይም። ቀድሞ ጭምብል ለብሶ የነበረው ምስክር አሁን ከነጭምብሉ ከችሎቱ ወጣ ማለት ነው።

እስኪ ደምበጫን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጐዳና ከደብረ ማርቆስ ዐልፎ የሚገኝ ከተማ መሆኑን የሚያውቀው ብዙ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ወረዳዎች በእንግሊዝኛው መዝገብ የሚገኙት መጣጥፎች በብዛት የተመሠረቱት በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቈጠራ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ አገር አቀፍ ቈጠራ ስላልተደረገ፥ በዚያን ጊዜ የታዘለ ሕፃን ዛሬ ጐልማሳ ሆኖ ሳለ የሚነበበው አኃዝ ያው ነው። የጦርነቱን ታሪክ የሚሻ አንባቢም የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቡሬ ወደ ደምበጫ ያፈገፍግ የነበረው የኢጣልያ ጦር መንገዱን ከያዘው ከኢትዮጵያ 2ኛ ሻለቃ ጋራ በደምበጫ አቅራቢያ በወንዝ ዳር መዋጋቱን ያገኛል። በውጭ አገር መጻሕፍት በስም ተለይተው የሚገኙት ግን በብዛት እንግሊዛውያኑ መኰንኖች ናቸው፤ ከሻለቃው የወደቁት ኢትዮጵያውያን በቍጥር ያልፋሉ።

ይህ የመዝገቡ ጸሐፊዎች ክፋት ብቻ ነው ልንል አንችልም። ሕጋቸው የታተመ ምንጭ ያልተጠቀሰለትን ነገር አይቀበልም፤ ለምን ቢሉ ማንም የፈለገውን ፈጥሮ እንዳይጽፍ ነው። ሕጉ ባይኖር ኖሮ የሲገንታለር ነገር በየቀኑ በተደረገ ነበር። ነገር ግን ዕውቀቱ በወረቀት ሳይሆን በሽማግሌ ልብ ያለ አገር በዚህ ሕግ ይጐዳል። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት ዐይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የሊቅነታቸው ማስረጃ የደቀ መዛሙርታቸው አፍ ነበር። በታላላቅ አገሮች እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል፤ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ስለ ካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ስለ ዶክተር ዶና ስትሪክላንድ የቀረበው መጣጥፍ በቂ ምንጭ አልተጠቀሰም ተብሎ ተመለሰ፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ሲያገኙ ገጻቸው በዚያው ቀን ተጻፈ። ለደምበጫ የቅኔ መምህር ግን የኖቤል ሽልማት መጥቶ አያድናቸውም። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ዛሬ በእጥፍ ደርሶብናል፤ በመጽሐፍ የሌለው ከመረሳት ዐልፎ እንዳልነበረ ይቈጠራልና።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በሕንድና በደቡብ አፍሪካ አንዳንድ የመዝገቡ ወዳጆች የሽማግሌዎችን ቃል በድምፅ ቀርጸው እንደ ምንጭ ለመጥቀስ ሞክረው ነበር። አሳቡ መልካም ነው፤ እስከ ዛሬ ግን በሰፊው ተቀባይነት አላገኘም። እኛ እንደሚመስለን የተሻለው መንገድ ቃሉን አስቀድሞ በታተመ ወረቀት ላይ ማኖር ነው። የደብር ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ቢታተም፥ የትምህርት ቤት መጽሔት ቢወጣ፥ እንደዚህ ያለው የእኛ ገጽም ቢጻፍበት፥ የመዝገቡ ሕግ የሚጠይቀው ምንጭ ይገኛል።

ደግሞም ያልጻፈ ሁሉ ስላልፈለገ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በዐማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት የቀረው ዓለም ስለ ጎጃም ይጽፍና ያርም ነበር፤ ጎጃም ግን የተጻፈበትን ለማንበብ እንኳ አልቻለም። «ሁሉም ሊጽፍ ይችላል» የሚለው ቃል በተነገረ ቍጥር ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ከሊቃውንቱ ወገን «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፥ አንነካውም» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው ይገባናል፤ ዕድሜ የተፈጀበት ትምህርት በአንድ ሌሊት በማይታወቅ እጅ ሲፋቅ ማየት ያሳዝናል። ሆኖም ሊቁ የተወውን ስፍራ ማሽኑ ወይም የሩቁ ወጣት ይይዘዋል፤ የስኮትላንዱ ነገር ይህን አሳይቷል። በሌላ ወገን ደግሞ ለአገራቸው ከመቅናታቸው የተነሣ ስለ ደብራቸውና ስለ ወገናቸው ያልሆነውን የሚያገንኑ አሉ። ለደብሩ ብሎ የተጨመረ መቶ ዓመት ያው ሐሰት ነው፤ ይልቁንም ሐሰቱ ሲገለጥ እውነተኛው ታሪክ ከእርሱ ጋራ ይጠረጠራል።

ስለዚህ በደምበጫና በአካባቢዋ ላሉ መምህራንና ተማሪዎች የምናሳስበው ታላቅ ሥራ አይደለም። በየአድባራቱ ቅኔና ዜማ፥ ትርጓሜም ያስተማሩ መምህራን ስም፥ ከማን እንደ ተማሩ፥ መቼ እንደ ተተከሉና ወዴት እንዳረፉ፥ የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ሳሉ ይጻፍ። የተናጋሪው ስም፥ ዕድሜውና የተናገረበት ቀን አብሮ ይጻፍ፤ ጠያቂውም ስሙን ይፈርምበት። ከታተመ በኋላ ስልክ የያዘው ተማሪ ከዚያ ጠቅሶ በአማርኛው መዝገብ ያኑረው፤ ከእንግሊዝኛ በማሽን ከመተርጐም ይልቅ የራሱን መምህር ቃል በራሱ አማርኛ ይጻፍ። ካኖረው በኋላም በየጊዜው እየተመለሰ ይመልከተው፤ የፋቀው ቢኖር በውይይት ገጹ በስሙ ይሟገት። አንድ መምህር የተተከሉበትን ዓመት ሁለት ሽማግሌዎች ለያይተው ቢናገሩ ጸሐፊው የወደደውን መርጦ ሌላውን አይጣል፤ እንደ አባቶቹ «አንድም» ብሎ ሁለቱንም ከነስማቸው ያስፍር፤ በቈላው በኩል ሦስተኛ የሚያውቁ አሉ ቢባልም ለገበያ ሲወጡ ጠብቆ ይጠይቃቸው።